የኋላ ማርሹ የት ነው? ማኑዋል መኪና ለሚመርጥ ሰው የማርሽ አቀማመጥ ንጽጽር

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ ቀለሙን ያያል፤ ቀጥሎ ጎማውን፣ የተነዳበትን ኪሎ ሜትር፣ ሊብሬውን። ኮፈኑን ከፍቶ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል። እኔ በሩን ከፍቼ ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው በማርሽ ዘንጉ ራስ ላይ በተቀረጸችው ትንሽ ሥዕል ላይ ነው። አንደኛው ማርሽ የት እንዳለ፣ አምስተኛው ወዴት እንደሚገፋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የኋላ ማርሹ በየትኛው ጥግ እንደተቀመጠ የምትናገረው እሷ ናት። ቀለም ይቀየራል፣ ጎማም ይገዛል፤ ያች ሥዕል ግን መኪናው እስካለ ድረስ አትለወጥም፤ እጅዎም በየቀኑ የሚመላለሰው በእሷ መስመሮች ላይ ነው።

ይህን ልማድ ያስያዘኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። መንዳት የተማርሁት የኋላ ማርሹ በቀኝ ጥግ፣ ከአምስተኛው ሥር በሆነ መኪና ነበር። በዚያ መኪና ዘንጉን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ገፍቶ ወደ ፊት መስጠት ማለት አንደኛ ማርሽ ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ የአንድ ዘመዴን መኪና ተውሼ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ስወጣ ሰልፍ ያዘኝ። የዚህኛው መኪና የኋላ ማርሽ ከአንደኛው በስተግራ ነው፤ እንዳይገባ የሚያግደው ስፕሪንግም ከአገልግሎት ብዛት ላልቷል። ከፊቴ ያለው መኪና ሲንቀሳቀስ እጄ የለመደውን አደረገ፤ ወደ ግራ እስከ መጨረሻው፣ ከዚያ ወደ ፊት። ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን የግራ ፔዳል) ስለቅ መኪናው ወደ ኋላ ተንደረደረ። ከኋላዬ ያለው ሾፌር ክላክሱን ባያስጮኸው ኖሮ አንድ ስንዝር የማይሞላው ክፍተት ባልተረፈ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ግን እጅ ጭንቅላትን ሳይጠይቅ እንደሚሠራ የተረዳሁት ያን ቀን ነው። ስለዚህ መኪና ለሚመርጥ ሰው ሁሉ የምለው አንድ ነገር አለኝ፤ የማርሹ ብዛት ከመቆጠሩ በፊት የኋላ ማርሹ የት እንዳለና በምን እንደተቆለፈ ይታይ።

አሁን ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ በኋላ ማኑዋል መኪና የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው በአብዛኛው ከዚህ ቀደም ከገቡት መካከል ነው። የኤሌክትሪክ መኪናዎች እንደ ነዳጅ መኪና ማርሽ የሚቀያየርባቸው አይደሉም። ስለዚህ ገበያው ላይ ያለው የአሮጌና የመካከለኛ ዕድሜ መኪና ድብልቅ ነው፤ የጃፓኑ፣ የጀርመኑ፣ የኮሪያው፣ የሩሲያው፣ የህንዱ። እያንዳንዱም የራሱ አቀማመጥ አለው።

ሥዕሉን ለማንበብ

የተለመደው የማርሽ አቀማመጥ የላቲኑን ኤች ፊደል ይመስላል። ከዚያ በፊት በነበሩ መኪናዎች ዘንጉ በአንድ ቀጥታ መስመር ይሄድ ስለነበር ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ለመመለስ በመካከል ያሉትን ሁሉ ማለፍ ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 በዊልሄልም ማይባኽ የተነደፈው ባለ 35 የፈረስ ጉልበት መርሴዲስ መስመሩን ከፋፍሎ፣ ዘንጉ ወደ ጎን ተንቀሳቅሶ የሚፈልገውን ረድፍ እንዲመርጥ አደረገ። ዛሬ የምንነዳውም የዚያ ዘር ነው።

ከሥዕሉ ጀርባ ያለውን ሥራ ማወቅ ምርጫውን ያቀላል። በካምቢዮው፣ ማለትም በማርሽ ሳጥኑ ውስጥ ከላይ ወደ ታች የሚሄደው እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሹካ ያንቀሳቅሳል። አንደኛና ሁለተኛ አንድ ሹካ ይጋራሉ፤ ሦስተኛና አራተኛ ሌላ። በአንድ ረድፍ ላይ ባሉ ሁለት ማርሾች መካከል መቀያየር ቀላል ነው፤ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መግፋት ብቻ። ከረድፍ ወደ ረድፍ መሻገር ግን ወደ ጎንም ማዘንበል ይጠይቃል፤ ስህተትም የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ የሚሸጋገር ጀማሪ ዘንጉን ጨምድዶ ስለሚይዝ መልሶ አንደኛ ላይ ይደቅነዋል። መፍትሔው ማላላት ነው። ዘንጉን ዜሮ ላይ፣ ማለትም ምንም ማርሽ ባልገባበት መሀል ላይ ሲለቁት ስፕሪንጉ ራሱ ወደ ሦስተኛና አራተኛ ረድፍ ይመልሰዋል፤ ከዚያ በመዳፍ ወደ ፊት መግፋት ብቻ ይበቃል።

የከፋው ስህተት ሌላ ነው። በፍጥነት እየሄዱ ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ለመቀነስ ሲሉ ዘንጉን ከልክ በላይ ወደ ግራ ከሳቡት ሁለተኛ ላይ ይገባል። ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ጎማዎቹ ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያዞሩታል፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ቫልቭ ሊታጠፍ ይችላል። ምንም የአቀማመጥ ዓይነት ከዚህ ሙሉ በሙሉ አይጠብቅም፤ ጠንካራ ስፕሪንግ ያለው ካምቢዮ ግን ብዙ ያግዛል።

በቀኝ ጥግ፣ ከአምስተኛው ሥር

ባለ አምስት ማርሽ ቶዮታ ኮሮላ፣ ያሪስ፣ ሱዙኪ ዲዛየር፤ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በብዛት ከምናያቸው ማኑዋል መኪናዎች መካከል ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። አምስተኛው በቀኝ ወደ ፊት፣ የኋላው በቀኝ ወደ ኋላ። ለጀማሪ ከሁሉ አብልጬ የምመክረው ይህን ነው። አንደኛውና የኋላው በሥዕሉ ላይ ተቃራኒ ጥግ ይዘዋል፤ በዳገት ላይ የደነገጠ እጅም ቢሆን አንዱን በሌላው አይለውጥም።

አምስተኛውና የኋላው በአንድ ረድፍ ላይ ከሆኑ በመንገድ ላይ ከአምስተኛ ቀጥታ ወደ ኋላ ቢሳብስ? ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በብዙዎቹ ካምቢዮዎች ውስጥ ይህን የሚከለክል መቆለፊያ አለ፤ ዘንጉ መጀመሪያ ወደ መሀል ተመልሶ ካልመጣ ወደ ኋላ ማርሽ አይገባም። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ይሞክሩት፤ አምስተኛ ያስገቡና በቀጥታ ወደ ታች ይሳቡ። እንቢ ማለት አለበት። እሺ ካለ መቆለፊያው አልቋል ማለት ነው።

ጉድለቱ ጠባብ ግቢ ውስጥ ይታያል። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ እንደገና ወደ ፊት እያሉ መኪና ሲያዞሩ እጅ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ይመላለሳል። አድካሚ ነው እንጂ አደገኛ አይደለም።

ላዳም እዚሁ ጎራ ይመደባል፤ ሆኖም የራሱ አመል አለው። ሰማያዊና ነጩን ላዳ ታክሲ ከፊት ወንበር የተሳፈረ ሰው ያስታውሰዋል፤ ሾፌሩ ወደ ኋላ ሊሄድ ሲል ዘንጉን መጀመሪያ ቁልቁል ይጫነዋል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ኋላ። ያች መጫን ናት ቁልፉ። ባለ አራቱም ባለ አምስቱም የድሮው ላዳ እንዲሁ ነው። ላዳ የተወለደው ከፊያት 124 ስለሆነ አመሉንም ከዚያው ወረሰ። ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ የሚሉት የጋራዥ ቃሎቻችን ራሳቸው የጣልያን ሽታ ስላላቸው፣ ላዳ በእኛ መካኒኮች እጅ እንግዳ ሆኖ አያውቅም።

በግራ ጥግ፣ ከአንደኛው ጎን

ስድስት ማርሽ ያለው መኪና ሲሆን የቀኙ ረድፍ በአምስተኛና በስድስተኛ ይያዛል። የኋላ ማርሽ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘውም በግራ ጫፍ፣ ከአንደኛው ቀጥሎ ነው። ባለ ስድስት ማርሽ ሃዩንዳይና ኮሮላ፣ እንዲሁም የኦፔል ኮርሳና አስትራ በዚህ ይመደባሉ። በእነዚህ ላይ ከእጀታው ሥር ቀለበት አለ፤ በጣት ወደ ላይ ካልተሳበ የኋላ ማርሹ አይከፈትም። በአሁኖቹ የቮልስዋገን ጎልፍ መኪናዎች ቀለበት የለም፤ እንደ ላዳው ዘንጉን ቁልቁል ተጭኖ ወደ ግራና ወደ ፊት መስጠት ነው።

ቀለበቱን እወደዋለሁ። በስህተት የማይሠራ እንቅስቃሴ ነው፤ ጣት ሆን ብሎ ካላነሳው በቀር እጅ ብቻውን ሊያሳስት አይችልም። መጫን የሚጠይቀው ግን ጥያቄ ያስነሳብኛል፤ በዳገት ላይ የተጨነቀ ሰው ዘንጉ ላይ ተደግፎ ሊጫነው ይችላልና። ጎልፉ አዲስ እስከሆነ ድረስ ስፕሪንጉ ጠንካራ ስለሆነ ችግር የለም። ሃያ ዓመት ያገለገለ ሲሆን ይሞከር። እንደ ዘመዴ መኪና የላላውን ከመግዛት በፊት የጥገናውን ዋጋ ማስቀነስ፣ ወይም መተው ይሻላል።

ጥቅሙንም መካድ አይገባም። አንደኛና የኋላ ጎን ለጎን ስለሆኑ በጠባብ ስፍራ መኪና ማዞር በእጅ አንጓ ብቻ ያልቃል። በቀበሌ መንገድ ውስጥ በየቀኑ ሦስት አራት ጊዜ እያዞረ ለሚያቆም ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የድሮዋ ቮልስ፣ ኤንጅኗ ከኋላ የሆነው ክቧ መኪና፣ ከሁለቱም ትለያለች። የኋላ ማርሿ በግራ ወደ ኋላ፣ ከሁለተኛው ጎን ነው፤ ዘንጉን መጫን ያስፈልጋል። አራት ማርሽ ብቻ ናት። ዛሬም በአዲስ አበባ እሷን በፍቅር የሚይዙ ሰዎች አሉ፤ ሊገዟት ካሰቡ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀንሱ ሳይጫኑ መሳብን እጅዎን ያስተምሩት።

አንደኛው ወደ ኋላ የሚሳብበት

በመኪና ወዳጆች ዘንድ ብዙ የሚወራለት አቀማመጥ አለ። አንደኛው በግራ ወደ ኋላ ይቀመጣል፤ ከእሱ በላይ የኋላ ማርሽ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ በአንድ ረድፍ፤ አራተኛና አምስተኛ በሌላ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአውሮፓ የተሸጠው የመጀመሪያው ቢኤምደብሊው ኤም 3፣ የመርሴዲስ 190 ኢ ባለ 16 ቫልቩ፣ ፌራሪ ኤፍ 40 እንዲህ ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በውድድር ላይ አንደኛ ማርሽ ለመነሻ ብቻ ያስፈልጋል፤ በየመታጠፊያው የሚቀያየረው ሁለተኛና ሦስተኛ ስለሆነ ያ ቅያሬ ቀጥ ያለ እንዲሆን ተፈለገ።

እኛ ግን ይህን አቀማመጥ ለማየት ፌራሪ አያስፈልገንም። በየጭነት መናኸሪያው የቆመውን ባለ አምስት ማርሽ አይሱዙ ኤንፒአር ከፍተው ይመልከቱ። ከላይ የኋላ፣ ሁለተኛ፣ አራተኛ፤ ከታች አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ። ሐሳቡ ከውድድሩ ጋር አንድ ነው፤ ምክንያቱ ግን ጭነት ነው። የአይሱዙ አንደኛ ማርሽ እጅግ ከባድ ነው፤ ሞልቶ ዳገት ላይ ለሚነሳ መኪና የተሰናዳ። ባዶውን በሜዳ ላይ ሲሆን ሾፌሮቹ በሁለተኛ ይነሳሉ። ስለዚህ የዕለት ሥራው ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ ይሆንና እውነተኛው ኤች ከሁለተኛ ይጀምራል። ቅጥቅጥ በምንላቸው በአይሱዙ ሻሲ ላይ በተሠሩ አውቶቡሶችም ይኸው ነው።

ከአይሱዙ ወርዶ ኮሮላ ላይ የሚቀመጥ፣ ወይም በተቃራኒው የሚያደርግ ሰው መጠንቀቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው። የአንዱ አንደኛ የሌላው የኋላ ማርሽ ይሆናል። የቤት መኪናም የሥራ መኪናም የሚያፈራርቅ ሾፌር ካለዎት ቁልፉን ከመስጠትዎ በፊት ሞተሩ ጠፍቶ ማርሾቹን ሁለት ጊዜ እንዲያስገባ ይጠይቁት። ሰላሳ ሰከንድ አይፈጅም።

ከዚህ በላይ ያሉት እንደ ሲኖትራክ ያሉ ከባድ መኪናዎች ኤችን በኤች ላይ ይደርባሉ፤ በአንድ መቀየሪያ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ክልል ይለዋወጣል። ያ የባለሙያ ሾፌር ዓለም ነው፤ እዚህ አልገባበትም።

ከመሪው ሥርና ከዳሽቦርዱ

የድሮዎቹን የቶዮታ ሃይስ ሚኒባሶች የነዱ ሰዎች ዘንጉን ከመሪው ሥር ያውቁታል። ፔጆ 404ም እንዲሁ ነበረ። ወለሉ ባዶ ስለሚሆን ከፊት ሦስት ሰው ይቀመጣል፤ ለሕዝብ ማመላለሻ የተወደደውም ለዚህ ነው። ኤቹ ግን ተገልብጦ ቆሟል፤ ወደ ግራና ቀኝ የነበረው ወደ ራስና ወደ መስታወት ይሆናል። በጥንታዊው ባለ ሦስት ማርሽ አሠራር ወደ ራስ ስቦ ወደ ታች አንደኛ፣ ከራስ አርቆ ወደ ላይ ሁለተኛ፣ ቀጥታ ወደ ታች ሦስተኛ ነው። የአይሱዙው ሐሳብ እዚህም አለ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ በአንድ መስመር ላይ ናቸው።

በዚህ አሠራር ላይ ያለኝ ቅሬታ ከአቀማመጡ ይልቅ ከመገጣጠሚያዎቹ ጋር ነው። ከዘንጉ እስከ ካምቢዮው ብዙ ዘንጎችና ማያያዣዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ሲያልቁ ማርሹ ልል ይሆናል፤ አንደኛን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ይሆናል። ጥገናው ግን ርካሽ ነው፤ ያለቁትን ቡሽንጎች (በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ቀለበቶች) መቀየር ብዙ ጊዜ መኪናውን አዲስ ያደርገዋል።

በኋላ የመጡት ሃይሶች ዘንጉን ከዳሽቦርዱ ግርጌ አወጡት። ይህ ከሁለቱ የተሻለ ነው፤ ወለሉም ባዶ ይሆናል፣ እጅም ከመሪው ብዙ አይርቅም። የፈረንሳዮቹ ሬኖ 4 እና ሲትሮኤን 2ሲቪም ከብዙ ዓመታት በፊት ከዳሽቦርድ የሚሳብና የሚገፋ ዘንግ ነበራቸው።

ባጃጅ ላይ ማርሹ በግራ እጀታ ላይ በመጠምዘዝ ይቀየራል፤ የኋላ ማርሹ ደግሞ የራሱ የተለየ ማንሻ አለው። ከባጃጅ ወደ መኪና የሚሸጋገር ወጣት ቁጥሩን ያውቀዋል፤ የሚጎድለው ቦታው ነው። ብዙ የማሠልጠኛ መምህራን ይህን ሳያስተውሉ እንደ ማያውቅ ሰው ያዩታል። ያሳዝነኛል።

አራት፣ አምስት ወይስ ስድስት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ስለዚህ በጅዳ ወይም በዱባይ ሜዳ ላይ ኃይለኛ የነበረ 1.3 ሊትር መኪና እዚህ ሲመጣ ከአንድ አምስተኛ በላይ ጉልበቱን ጥሎ ይመጣል። የሚያድነው ማርሹ ነው። ከባድ ማርሽ፣ ማለትም አንደኛና ሁለተኛ፣ የሞተሩን ጉልበት አባዝቶ ለጎማው ይሰጣል፤ በተለመደ ትንሽ መኪና ላይ አንደኛ ማርሽ ሦስት ጊዜ ተኩል ገደማ ያባዛል።

ስድስተኛው ማርሽ ዳገት አያወጣም። ሥራው በረጅም ቀጥታ መንገድ ላይ ሞተሩን ማሳረፍና ነዳጅ መቆጠብ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ አዘውትረው የሚሄዱ ከሆነ ይጠቅምዎታል። ከመገናኛ እስከ ፒያሳ ለሚመላለስ ሰው ግን ስድስተኛው ለወራት ሳይነካ ይከርማል። ስለዚህ ለስድስተኛ ማርሽ ብቻ ተብሎ ተጨማሪ ብር መክፈልን አልደግፍም። ባለ አራቱ ደግሞ ለከተማ በቂ ነው፤ ከከተማ ሲወጡ ግን ሞተሩ እየጮኸ ይሄዳል፤ ለረጅም ጉዞ ጆሮም ነዳጅም ይጨርሳል። ለአብዛኛው ሰው አምስት ልኩ ነው።

ቁልቁለት ላይ ማኑዋል ጌትነቱን ያሳያል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ሸለቆ የሚወርደውን መንገድ ያስቡ፤ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ወደ ታች፣ ጠመዝማዛ በጠመዝማዛ። እዚያ ላይ ፍሬን ብቻ እየረገጡ የሚወርዱ መኪናዎች የፍሬን ሸራቸው ይግላል፣ ሽታው ከሩቅ ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ ፍሬኑ መያዝ ያቆማል። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ በሞተር እየተያዘ የሚወርድ ግን ፍሬኑን ለመታጠፊያው ብቻ ይነካል። ዜሮ አድርጎ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው፤ ዘመናዊ ሞተር በማርሽ ሆኖ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል። ዜሮ ሲሆን ግን ላለመጥፋት ይጠጣል። ጣርማ በርንም ሊማሊሞንም የሚያውቅ ሾፌር ይህን አይከራከርም።

ሲሞክሩት

ሞተሩ ሳይነሳ ፍሪሲዮኑን ረግጠው ሁሉንም ማርሾች በየተራ ያስገቡ። ከቦታው ሲደርስ ግልጽ የሆነ ማረፊያ መሰማት አለበት፤ በገንፎ ውስጥ እንደሚንቀሳቀስ ማንኪያ ከሆነ ቡሽንጎቹ አልቀዋል። ከዚያ የኋላ ማርሹን መቆለፊያ ይፈትኑ፤ ቀለበቱን ሳያነሱ፣ ወይም ሳይጫኑ ሊያስገቡት ይሞክሩ። መግባት የለበትም።

ሞተሩን አስነስተው ዜሮ ላይ ያዳምጡ። ጉርምርምታ ካለና ፍሪሲዮኑን ሲረግጡ ከጠፋ የካምቢዮው መግቢያ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው። በተቃራኒው ሲረግጡ የሚመጣ ድምፅ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። የሁለቱ ወጪ አይገናኝም፤ ሁለተኛውን ለመቀየር ካምቢዮው ይወርዳል እንጂ አይፈታም።

መኪናው ሳይሞቅ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ይቀንሱ። ካንኳኳ ወይም ከተንኮሻኮሸ የሁለተኛው ሲንክሮናይዘር ደክሟል። ይህች ዕቃ፣ ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1928 ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ላይ ያስገባት፣ የሁለቱን ጥርሶች ፍጥነት አስተካክላ ሳይጋጩ የምታገናኝ ናት። ሻጩ ቀድሞ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀዎት ጠርጥሩ፤ ለሌላ ቀን ጠዋት ይቀጠሩ። በብዙ መኪናዎች የኋላ ማርሹ ሲንክሮናይዘር የለውም፤ ስለዚህ ፍሪሲዮኑን ረግጠው አንድ ሁለት ሰከንድ ሳይቆዩ ቢያስገቡት ይጮኻል። ያ ጉድለት አይደለም። ወደ ኋላ ሲሄድ የሚሰማው ዜማ የሚመስል ድምፅም ጥርሶቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ነው።

ጭር ባለ መንገድ ላይ በአራተኛ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ነዳጁን ሙሉ ይስጡት። ሞተሩ ጮኾ ፍጥነቱ ካልተከተለ የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል። ቁልቁለት ላይ በሁለተኛ ሆነው ነዳጁን ድንገት ይልቀቁ፤ ዘንጉ ራሱ ከቦታው ከወጣ ያን መኪና ይተዉት። ካምቢዮ ማስከፈት ቀላል ወጪ አይደለም።

ከገዙ በኋላ እጅዎን ዘንጉ ላይ አሳርፈው አይንዱ። የእጅ ክብደት በውስጥ ያለውን ሹካ በሚዞረው ቀለበት ላይ እየጫነ ይበላዋል። በዳገት ሰልፍ ላይ ባላንስ ይዞ፣ ማለትም ፍሪሲዮኑን በከፊል ለቆ በነዳጅ መኪናውን ይዞ መቆምም እንዲሁ ሸራውን ያቃጥላል፤ የእጅ ፍሬን ለዚህ ነው የተሠራው።

ውጭ አገር ላላችሁ

በብሪታኒያ በአውቶማቲክ መኪና የተፈተነ ሰው ማኑዋል መንዳት አይፈቀድለትም። በዱባይም ፈቃዱ ላይ ይጻፋል። ጀርመን ከሚያዝያ 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንገድ ከፍታለች፤ ቢያንስ አሥር ክፍለ ጊዜ በማኑዋል ሠልጥኖ በትምህርት ቤቱ የተመዘነ ሰው፣ ፈተናውን በአውቶማቲክ ቢወስድም ሁለቱንም መንዳት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ለተራ የቤት መኪና ፈቃድ ይህ ልዩነት አይታወቅም። ክረምት ላይ አገር ቤት መጥታችሁ የወንድማችሁን መኪና ለመንዳት የምታስቡ ከሆነ በማኑዋል መፈተን አይቆጭም።

ለንደን ላይ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። መሪው በቀኝ ቢሆንም የማርሹ ሥዕል አይገለበጥም፤ ፔዳሎቹም እንዲሁ። አንደኛው አሁንም በግራ ወደ ፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ግራ ማለት ወደ ራስ መሳብ ሲሆን፣ እዚያ በግራ እጅ ከራስ አርቆ መግፋት ይሆናል። የመጀመሪያው ሳምንት እጅ በሩን ይፈልጋል።

ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ መኪናዋን ስትፈልግ ሁለት ቀርተው ነበር። አንዱ ባለ ስድስት፣ ቀለበት ያለው፣ ንጹሕ፣ ሥራዋም ሆነ ቤቷ ዳገት ላይ ያልሆነ ሰው ቢይዘው የሚያምርበት። ሌላው ባለ አምስት፣ የኋላ ማርሹ በቀኝ ጥግ፣ ቀለሙ ትንሽ የደበዘዘ። የተማረችው በሁለተኛው ዓይነት ነው። ዓይኗን ጨፍና ሞተሩ በጠፋ መኪና ላይ ማርሾቹን እንድታስገባ ጠየቅኋት። በመጀመሪያው ላይ ቀለበቱን ረስታ ሁለት ጊዜ አንደኛ ላይ ገባች። በሁለተኛው ላይ አልተሳሳተችም። የደበዘዘውን ገዛች፤ በተረፈው ብርም የፍሪሲዮኑን ሸራና ኩሽኔታውን በአንድነት አስቀየርን።